መሬቱን ማን መረጠው?
ስለ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቦታ አመራረጥ ታሪክ

አንድ ትምህርት ቤት ሲመረቅ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ነው። የክፍሎቹ ብዛት፣ የወጣው ገንዘብ፣ የሥራ ተቋራጩ ትጋት፣ የለጋሹ ቸርነት በየተራ ይዘረዘራል፤ ሪባን ይቆረጣል፤ ጭብጨባ ይከተላል። ሕንፃው የቆመበት ቦታ እንዴት እንደ ተመረጠ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ጣሪያ ቢያፈስ ይታደሳል፤ ግድግዳ ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ክፍል ቢጠብ ሌላ ይጨመራል። ቦታው የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱ ሕንፃው እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል፤ ዋጋውንም በየማለዳው የሚከፍሉት በምርጫው ጊዜ ያልተጠየቁት ሕፃናት ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ቦታ በልዩ ልዩ አገሮች እንዴት ሲመረጥ እንደ ኖረና ዛሬ የምንሠራባቸው መመዘኛዎች ከምን እንደ መነጩ ለማውሳት ይሞክራል። ነገሩን ከስሌት ይልቅ ከታሪክ በኩል ማየት የተፈለገበት ምክንያት አለ። መሐንዲስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚታየው ዘግይቶ፣ ችካሉ ከተተከለ በኋላ ነው፤ ይህም እንዴት እንደ ሆነ የማኅበራችን አባላት በውል ቢረዱት ይጠቅማል ብለን እናምናለን። የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን።

በቄስ ትምህርት ቤት ዘመን የቦታ ጥያቄ በአገራችን ከቶ አልነበረም ማለት ይቻላል። ትምህርቱ የሚሰጠው ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ወይም ከቅጥሩ ዛፍ ሥር ነው። የቁርዓን ትምህርትም እንዲሁ መስጊዱን ወይም የመምህሩን ቤት ይከተል ነበር። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ጎጆውን ቀልሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ ይማራል እንጂ ትምህርት ቤቱ ወደ እርሱ አይሄድም። ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ቦታውን የመረጠው ቤተ መንግሥት ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ በግል ገንዘባቸው ያቋቋሙት የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በመዲናይቱ ቆሙ። መሥራቹ መሬት አለው፤ ትምህርት ቤቱም በዚያው ላይ ይሠራል። ከዚህ የበለጠ ጥናት በጊዜው አላስፈለገም።

ጥያቄው ጥያቄ የሆነው ትምህርት ቤት በግብር ከፋዩ ገንዘብ መሠራት ሲጀምር ነው። በ1947 በእርሻ መሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገቢው በየጠቅላይ ግዛቱ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ የአገር ሽማግሌዎችና ሹማምንት ያሉባቸው የትምህርት ቦርዶችም እንዲከታተሉት ተደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ግብሩ ከገጠር መሬት ሲሰበሰብ ትምህርት ቤቶቹ በአብዛኛው በከተሞችና በዋና ዋና መንገዶች ዳር መቆማቸው አልቀረም። አሸዋና ቆርቆሮ የጫነ መኪና የሚደርሰው እዚያ ነው፤ አስተማሪው ቤት የሚከራየው እዚያ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሳይጨነቅ ደርሶ የሚመለሰውም እዚያው ነው። በቅን ልቡና ለተሠራው ሥራ ቦታውን የመረጠለት መንገዱ ሆነ ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ሰጪውና ክቡ

ሰጪው መሬቱን የሚመርጥበት ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጥቁሮች ልጆች የሚማሩበት ቤት በጠፋበት ዘመን ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የተባሉት መምህርና ጁሊየስ ሮዘንዋልድ የተባሉት ባለጸጋ ነጋዴ በ1912 የጀመሩት ሥራ እስከ 1932 ድረስ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶችን አስገኝቷል። ከገንዘቡ ከፊሉን ባለጸጋው ሲሰጡ የቀረውን የየአካባቢው ሕዝብና መንግሥት ይሞሉ ነበር። ለሙያችን ሰዎች ደስ የሚያሰኘው ግን የቦታው ደንብ ነው። መሬቱ ከሁለት ኤከር፣ ማለት ከ8,000 ካሬ ሜትር ገደማ እንዳያንስ ተወስኗል። ይዞታው አስቀድሞ ለሕዝብ ትምህርት መሥሪያ ቤት መዛወር አለበት። የኤሌክትሪክ መብራት በሌለበት አገር ረጃጅሞቹ መስኮቶች የምሥራቅንና የምዕራብን ብርሃን እንዲቀበሉ ሕንፃው በቦታው ላይ የሚዞርበት አቅጣጫ ሳይቀር በፕላኑ ታዟል። ድሀ ሕዝብ የሚሰጠው መሬት ጠባብና ጥግ ላይ የወደቀ እንዳይሆን ደንቡ አስቀድሞ በር ዘግቷል ማለት ነው።

ከዚያው አገር፣ ከከተማው በኩል ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተነሣ። ክላረንስ ፔሪ የተባሉ የከተማ አሳቢ በ1929 ለኒው ዮርክ አካባቢ ፕላን ባቀረቡት ጥናት የመኖሪያ ሰፈር መጠን መለካት ያለበት በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው አሉ። ትምህርት ቤቱ መካከል ላይ ይቀመጣል፤ ከእርሱ ወደ ሰፈሩ ዳር ያለው ርቀት ሩብ ማይል፣ ማለት 400 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ትልልቅ መንገዶች በዳር ያልፋሉ እንጂ ሰፈሩን አይሰነጥቁም፤ ስለዚህ ማንም ሕፃን መኪና የሚበዛበትን ጎዳና ሳያቋርጥ ከክፍሉ ይደርሳል። ይህ ክብ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በስንት የንድፍ ጠረጴዛ ላይ እንደ ተሳለ ለመቁጠር ያዳግታል። እኛም በተማሪነታችን በኮምፓስ ስለነዋል።

ክቡ ግን ሰው አይመርጥም፤ ሰው ነው ክቡን የሚመርጠው። ሰፈሩ በዘር የተከፋፈለ ከሆነ በሰፈሩ መካከል የሚቆመው ትምህርት ቤት ክፍፍሉን በድንጋይ ያጸናዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 በሰሜን ካሮላይና ግዛት በምትገኘው በሻርሎት ከተማ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ይህንኑ ተመልክቷል። አዲስ ትምህርት ቤት የሚሠራበትና አሮጌው የሚዘጋበት ቦታ ማን ከማን ጋር እንደሚማር ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት ማን የት እንደሚኖር ጭምር ሊወስን እንደሚችል፣ ጥቁሮች ከሚኖሩበት እጅግ በራቁ የነጮች መንደሮች ትምህርት ቤት መሥራትም መለያየትን ማቆያ ዘዴ ሆኖ ማገልገሉን ፍርድ ቤቱ ገልጿል። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የቦታ ምርጫ የቀያሽ ሥራ ብቻ ነው ማለት ቀረ።

ቁጥሩና እግሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣው ለውጥ ብዛት ነው። መንግሥታት በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶችን መሥራት ሲኖርባቸው ቦታውን እየዞሩ አንድ በአንድ መምረጥ የማይቻል ሆነ። ፈረንሣይ የግዴታ ትምህርት ዕድሜን በ1959 እስከ 16 ዓመት ካራዘመች በኋላ በ1963 «የትምህርት ቤት ካርታ» የተባለውን አሠራር አወጣች፤ በዚያው ዓመት በፓሪስ የተቋቋመው የዩኔስኮ የትምህርት ፕላን ተቋምም ይህንኑ ጥበብ ለድሀ አገሮች እንዲስማማ አድርጎ በየአገሩ አስተማረ። ለእኛ ለአፍሪካውያን ደግሞ መነሻው እዚሁ ቤታችን ነበር። በግንቦት 1961 በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ መንግሥታት ተወካዮች የአንደኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 1980 ድረስ ለሁሉም እንዲዳረስ ወሰኑ። ግቡ በተባለው ጊዜ አልተመታም። ሆኖም ውሳኔው «ስንት ትምህርት ቤት?» ከሚለው ጋር «የት የት?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ መጣ።

ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሰጡት አገሮች አንዷ ኢንዶኔዥያ ናት። የነዳጅ ዘይት ዋጋ ገንዘብ ባፈሰሰላት ዘመን፣ ከ1973 እስከ 1979 ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ61,000 የሚበልጡ አነስተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠራች። እያንዳንዱ ለሦስት አስተማሪዎችና ለ120 ተማሪዎች የታሰበ ነበር። ከሥራው ብዛት ይልቅ የሚያስደንቀው የአከፋፈሉ ሕግ ነው። ለእያንዳንዱ አውራጃ የሚደርሰው የትምህርት ቤት ቁጥር የተወሰነው በ1972 በዚያ አውራጃ ከትምህርት ገበታ ውጭ በነበሩት ልጆች ብዛት ልክ ነው። ዋና ከተማ ስለ ሆነ፣ ገዥው ተሰሚነት ስላለው፣ መንገድ ስለ ደረሰው የሚባል ነገር በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም፤ ቁጥሩም በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ አውራጃ በአውራጃ ተዘርዝሮ ወጣ። ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ካሉት ልጆች በ1973 ከመቶ 69 ብቻ የሚማሩ ሲሆን በ1978 ከመቶ 83 ደረሱ። ኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙት የምጣኔ ሀብት ሊቅ ኤስተር ዱፍሎ በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ለሺህ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት በተጨመረበት አካባቢ ያደጉት ሰዎች የትምህርት ዘመናቸውም የጎልማሳነት ደመወዛቸውም ከፍ ማለቱን አሳይተዋል። አንድ የማከፋፈያ ሕግ፣ ያውም በአንድ መስመር የሚጻፍ፣ ይህን ያህል ሠራ።

ሕጉ ግን የሚያደርሰው እስከ አውራጃው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ የሕፃን እግር ነው። በአፍጋኒስታን ተራራማ ግዛት በጎር ከ2007 ጀምሮ የተደረገ ጥናት አለ። በዕጣ በተመረጡ መንደሮች ውስጥ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ትምህርት ቤት ካልተከፈተባቸው መንደሮች ጋር ሲነጻጸር፣ ከመቶ ሴት ልጆች 52፣ ከመቶ ወንዶች ደግሞ 35 ተጨማሪ ተማሪዎች ተገኙ። አንድ ማይል ርቀት በተጨመረ ቁጥር ከመቶ ልጆች 16 ያህሉ ይቀራሉ። በወንድና በሴት ልጅ መካከል የነበረው የትምህርት ልዩነት በሰፊው የጠበበው በስብከት ሳይሆን መንገድን በማሳጠር መሆኑን ልብ ይሏል። ወላጅ ሴት ልጁን ለምን እንዳላስተማረ ሲጠየቅ ስለ ባህል ይመልስ ይሆናል፤ ባህሉ ግን በኪሎ ሜትር የሚለካበት ጊዜ አለ።

ኪሎ ሜትሩ ራሱ በምን ይለካ? በኮምፓስ የሚሣለው ክብ በካንሳስ ሜዳ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል። በእኛ ደጋ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር የተባለው መንገድ በመካከሉ ሸለቆ ካለ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከማዶ የሚጮኽ ሰው ይሰማል፤ ከእርሱ ዘንድ ለመድረስ ግን ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደ ገና አቀበቱን መውጣት ግድ ነው። ያ ወንዝ በጥር የቁርጭምጭሚት ያህል ሲሆን በሰኔ መጨረሻ ፈተና ላይ፣ በመስከረምም ምዝገባ ላይ በሬ ይወስዳል። ስለዚህ በደጋማው አገራችን የትምህርት ቤት ርቀት በሜትር ሳይሆን በሰዓት፣ ያውም በክረምት መግቢያና መውጫ ሰዓት መለካት ነበረበት። ዛሬ ከሳተላይት በሚገኝ የከፍታ መረጃና የቤት ጣሪያ ሥዕል ይህን ማስላት የአንድ ወጣት መሐንዲስ የጥቂት ቀን ሥራ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ በስንቱ የጥናት ሰነድ ላይ አሁንም ክቡ ብቻ እንደሚታይ የሥራ ባልደረቦቼ ያውቁታል።

ትምህርት ቤቱን ወደ ሕዝቡ ከመውሰድ ይልቅ ሕዝቡን ወደ ትምህርት ቤቱ መውሰድም ተሞክሯል። በ1980ዎቹ በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ከየጎጡ ተነሥቶ በመስመር በተቀየሱ መንደሮች ሰፈረ፤ ከዘመቻው ዓላማዎች አንዱ ተብሎ የተነገረውም ትምህርት ቤት፣ ውሃና ጤና ጣቢያን በቀላሉ ለማዳረስ ነበር። በካርታ ላይ ለተመለከተው ሰው የትምህርት ቤት ቦታ ጥያቄ በአንድ ቀን ተፈታ። ከ1990 ወዲህ ፖሊሲው ሲለወጥ ግን ብዙው ገበሬ ማሳውንና የቀድሞ ቀየውን ብሎ ተመለሰ። ሰዉ ሲመለስ ግንብ አብሮ አይመለስም። የሰው አሰፋፈር ጸንቶ ይቆያል ወይስ አይቆይም የሚለው ጥያቄ ከቦታ ምርጫ መመዘኛዎች አንዱ መሆን እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለማግኘት ያስቸግራል።

ከመሬቱ በታች ያለው

እስከዚህ የተወራው ስለ ሰውና ስለ ርቀት ነው። ስለ መሬቱ ስለ ራሱ የወጡት ሕጎች ታሪክ ግን የሚያሳዝን ነው፤ አብዛኛዎቹ የተጻፉት ከጥፋት በኋላ ነውና። ከሁሉ ይልቅ ሙያችንን የሚመለከተውን አንዱን በዝርዝር ማየት ይበጃል።

በኒው ዮርክ ግዛት፣ በናያጋራ ፏፏቴ ከተማ፣ ዊልያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ ከወንዙ ላይ ቦይ ጠልፎ ኃይል ለማመንጨት ቁፋሮ ጀመረ። ገንዘብ ቸገረ፤ ቦዩም አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተተወ። ከ1942 ጀምሮ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ 21,000 ቶን ያህል የኬሚካል ዝቃጭ፣ ብዙውን በበርሜል፣ ከቀበረ በኋላ በሸክላ አፈር ከደነው። በዚያን ጊዜ ከተማዪቱ እየሰፋች፣ ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱት ሕፃናትም ለትምህርት እየደረሱ ነበር። የከተማው የትምህርት ቦርድ ሰፊና ርካሽ መሬት ፈለገ፤ በሚያዝያ 1953 ኩባንያው ቦታውን በ1 ዶላር ሸጠለት። በሽያጭ ውሉ ላይ መሬቱ በኬሚካል ዝቃጭ የተሞላ መሆኑ፣ ለሚደርሰው ጉዳት ኩባንያው እንደማይጠየቅ ተጽፏል። ገዥው አላወቀም ነበር ማለት አይቻልም፤ የቦርዱ ሰዎች ውሉ ከመፈረሙ በፊት ቦታው ድረስ ሄደው ሲቆፈር አይተዋል።

ቀጥሎ የሆነውን እኛ በተለይ ልናስተውለው ይገባል። በ1954 መጀመሪያ፣ ሥራው ተጀምሮ ሳለ፣ ቆፋሪዎች በርሜል የሞላባቸው ሁለት ጉድጓዶች አገኙ። የሕንፃው ንድፍ ባለሙያ ለቦርዱ ኮሚቴ ደብዳቤ ጻፈ፤ ምን ዓይነት ዝቃጭ እንዳለ ስለማይታወቅና የኮንክሪቱ መሠረትም ሊበላሽ ስለሚችል በዚያ ላይ መሥራት መልካም አለመሆኑን አስታወቀ። ደብዳቤው መልስ አላጣም፤ ሕንፃው 25 ሜትር ያህል ፈቀቅ እንዲል ተደረገ። ሃያ አምስት ሜትር! የመዋዕለ ሕፃናቱም መጫወቻ ከዝቃጩ ጉድጓድ ጋር ተጎራብቶ ስለ ተገኘ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ባለሙያው የተናገረው ስለ ቦታው ነበር፤ ቦርዱ የሰማው ግን ስለ ሕንፃው ነው። መሬቱ ተገዝቷል፤ በጀቱ ተመድቧል፤ ልጆቹ ይጠብቃሉ፤ እንግዲህ ከዚህ ደረጃ ላይ የሚደረስ ሙያዊ ምክር ሕንፃን ፈቀቅ ከማድረግ አልፎ አይሠራም።

ትምህርት ቤቱ በ1955 ተከፈተ፤ 400 ያህል ልጆች ይማሩበት ጀመር። በዙሪያው ቤቶች ተሠሩ፤ የፍሳሽ መስመርና መንገድ የሸክላውን ክዳን በጣጠሰው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከከባድ ዝናብና በረዶ በኋላ ዝቃጩ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ወደ ላይ ወጥቶ በየቤቱ ምድር ቤትና በየግቢው ታየ። በነሐሴ 1978 የግዛቱ ጤና ኮሚሽነር ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም እንዲወጡ አዘዙ፤ በዚያው ሳምንት ፕሬዚዳንት ካርተር የአደጋ ጊዜ አዋጅ አወጁ። የተበከሉ ቦታዎችን ማጽጃ ሕግ በ1980 የወጣው በአብዛኛው ከዚህ መዓት የተነሣ ነው። በአንድ ዶላር የተገዛው መሬት በመጨረሻ የጠየቀው ዋጋ በሚሊዮኖች ሲቆጠር ኖረ።

ከሌሎቹ ሁለቱን ብቻ በአጭሩ እናንሣ። በመጋቢት 10 ቀን 1933 በካሊፎርኒያ በሎንግ ቢች ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ 70 ያህል ትምህርት ቤቶችን አፈረሰ። ጊዜው ከቀኑ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ስለ ነበር ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ሕዝቡ ይህ ቀትር ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል እንደ ነበር አሰበ፤ በ30 ቀን ውስጥ የትምህርት ቤት ሕንፃዎች ንድፍና ግንባታ በመንግሥት መሐንዲሶች እንዲመረመር የሚያዝዘው የፊልድ ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን የተመለከተው ሕንፃውን ነው፤ በተንቀሳቃሽ የመሬት ስንጥቅ ላይ የሰው መጠለያ እንዳይሠራ የሚከለክለው ሕግ በዚያው ግዛት ለመውጣት እስከ 1972 ጠብቋል። ሁለቱ ሕጎች የወጡበትን ቅደም ተከተል ተመልከቱ፤ ግድግዳው በመጀመሪያ፣ ቦታው ከ39 ዓመት በኋላ።

ሁለተኛው የጃፓን ነው። በመጋቢት 11 ቀን 2011 ከታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በኢሺኖማኪ ከተማ የኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 74 ተማሪዎችና 10 መምህራን በሱናሚ አለቁ። ትምህርት ቤቱ ከወንዙ አፍ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ያለ፣ ከባሕር ወለል ግን ከፍታው እጅግ ዝቅተኛ ነበር። የከተማው የአደጋ ካርታ ማዕበሉ እዚያ እንደማይደርስ ያመለክት ስለ ነበር ትምህርት ቤቱ ራሱ መሸሸጊያ ተብሎ ተመድቦ ነበር። ተማሪዎቹ 50 ደቂቃ ያህል በሜዳው ላይ ቆዩ፤ ከትምህርት ቤቱ በስተኋላ ደግሞ በትምህርት ሰዓት የሚወጡበት ኮረብታ ነበር። የሰንዳይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ኃላፊነቱን የጣለው በዕለቱ በነበሩት መምህራን ላይ ሳይሆን አስቀድመው ሊያጠኑ ይገባቸው በነበሩት ባለሥልጣኖች ላይ ነው፤ ካርታውንም ዝም ብለው መቀበል አልነበረባቸውም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ውሳኔውን አጸናው። ለካርታ ሠሪውም ለካርታ ተጠቃሚውም ይህ ፍርድ ከባድ ነው።

የማይታረሰው መሬት

ወደ አገራችን እንመለስ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተካሄደው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ ከሙያ ታሪካችን መልካም ገጾች አንዱ ነው። ቀላልና አንድ ወጥ ንድፍ፣ ርካሽ የግንባታ ዘዴ፣ የአካባቢው ሕዝብ መዋጮ በአንድነት ተቀናጅተው በየገጠሩ ትምህርት ቤት ቆመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በተከታታይ የትምህርት ልማት ፕሮግራሞች የተሠራው ደግሞ ቀድሞ ከተሠራው እጅግ ይበልጣል። ይህ ሁሉ የሕዝብ ድካም ነው፤ ሊናቅ አይገባም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ መነገር አለበት። ሕዝቡ መሬት ሲያዋጣ የሚያዋጣው ማሳውን አይደለም። መሬት በጠበበበት ቀበሌ ማንም ሰው ጤፍ የሚያበቅልለትን እርሻ አይለቅም፤ ሊለቅም አይጠበቅበትም። የሚለቀቀው የማይታረሰው ነው፤ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ሜዳ፣ የቦረቦረ ተዳፋት፣ ከገደል ሥር ያለ ጥግ፣ አለዚያም ከብት የሚግጥበት መረሬ። መረሬ፣ በጎጃምና በጎንደር ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር፣ በክረምት አብጦ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቀላል ሕንፃን እንዴት እንደሚገነጣጥል ለማኅበራችን አባላት መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። አንድ ወጥ ንድፍ ደግሞ አንድ ወጥ አፈርን ይጠይቃል፤ በድንጋያማ ኮረብታ ላይ 40 ዓመት ያለ እንከን የቆመው ንድፍ በመረሬ ላይ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ከማዕዘኑ ይሰነጠቃል። ሕዝቡ «የተሠራው ክፉ ነው» ይላል፤ ተቋራጩ ይወቀሳል፤ መሬቱን ማንም አያነሣውም።

የተዳፋቱም ነገር እንዲሁ ነው። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በኬንቾ ሻቻ ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ቀብሯል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተያዙትን ለማውጣት የተረባረቡ ነበሩ። ከእንዲህ ያለው ተዳፋት ግርጌ የሚቆም ነገር ሁሉ፣ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል።

ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። ሦስት አራት የሙከራ ጉድጓዶች፣ ለእያንዳንዳቸው አካፋና የአንድ ቀን ጉልበት ይበቃል። የጎርፍ ምልክት በዛፍ ግንድና በአጥር ላይ ይነበባል። ምንጭ የት እንደሚፈልቅ፣ ናዳ የት እንደ ወረደ፣ የትኛው መሻገሪያ በክረምት እንደሚዘጋ ከአገር ሽማግሌ የበለጠ የሚያውቅ ካርታ እስካሁን አልተሣለም፤ እንዲያውም እማማ ውሃ የሚቀዱበትን ጊዜና መንገድ መጠየቅ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ያላነሰ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ። ችግሩ ከዕውቀት ማጣት ይልቅ ከተራው ነው። በተለመደው አሠራር ኮሚቴ ይሰበሰባል፤ መሬት ይለያል፤ ቃለ ጉባኤ ይፈረማል፤ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ መሐንዲስ ይላካል። በዚህ ጊዜ «ቦታው አይሆንም» የሚል መሐንዲስ ልማት አደናቃፊ ሆኖ ይቆጠራል። ያለው ምርጫ መሠረቱን ማጥለቅ፣ ወጪውን ማናር፣ አለዚያም ሕንፃውን ጥቂት ፈቀቅ ማድረግ ነው።

በካሊፎርኒያ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚሠራበት መሬት ከመገዛቱ በፊት የሥነ ምድር ጥናትና የብክለት ምርመራ እንዲደረግ ሕግ ያስገድዳል። ያን ሁሉ ለመኮረጅ አቅሙም የለንም፤ ለአብዛኛው የገጠር ትምህርት ቤትም አያስፈልግም። ለጊዜው የሚቻለው ትንሽ ነው። የርክክብ ቃለ ጉባኤ ከመፈረሙ በፊት መሬቱን ያየው መሐንዲስ ስም፣ የቆፈራቸው የሙከራ ጉድጓዶች ጥልቀትና የጎበኘበት ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ይሞላ። ቀኑ የተጠየቀው ለቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የታየ ሜዳ በነሐሴ ምን እንደሚመስል አይናገርምና፣ በበጋ የታየው ቦታ በክረምት አንድ ጊዜ እንደ ገና እንዲታይ ሁለተኛ መስመር ይተውለት።